ተከራይ የማይበረክትበት ቤት፦ ችግርና መፍትሄ

ሀዋሳ ውስጥ በግቢያቸው ሦስት አራት ክፍል ሠርተው የሚያከራዩ ሰዎች ተከራይ ሲለቅባቸው መጀመሪያ የሚያስቡት የኪራዩን ዋጋ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ሰው የሚለቀው በመክፈያ ቀን፣ በመብራትና በውሃ ንትርክ ተማሮ ነው።

ችግር፦ ኪራይ በየወሩ ይዘገያል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ተከራዩ ይወጣል።
ምክንያት፦ ኪራይ የምንቆጥረው በእኛ ወር ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛና ሌላውም የግል ድርጅት ተቀጣሪ ግን በአብዛኛው ደመወዝ የሚያገኘው በፈረንጅ ወር መጨረሻ፣ በእኛ ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ወር በባተ በ1 ሲጠየቅ ደመወዙ ከገባ ዐሥር ቀን ገደማ ሆኖታል፤ ለቤተሰብ የሚላከው ተልኳል፣ የሱቁ ዱቤ ተከፍሏል።
መፍትሄ፦ ሲያከራዩ ደመወዝ መቼ እንደሚገባ ይጠይቁና መክፈያውን ወደዚያ ያዙሩት። የመጀመሪያውን ወር በቀን አስልተው ይቀበሉ። ጳጉሜን ደግሞ በልማዱ በነጻ ትለፍ። ለአምስት ቀን ብር የሚጠይቅ አከራይ ሰፈር ውስጥ ስሙ ቶሎ በክፉ ይነሳል።

ችግር፦ የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር ግቢው ይታመሳል።
ምክንያት፦ ቆጣሪው አንድ፣ ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነው። አንዷ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሌላው ስልክ ብቻ ቻርጅ ያደርጋል። ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋቱም ዋጋ ስለሚጨምር፣ ሁሉም በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣቢውም በውዱ ታሪፍ ይከፍላል። ተከራይ አፍ አውጥቶ የማይናገረው ግን ሌላ ነው፦ የአከራዩ ቤት ፍሪጅና ምጣድ ሂሳቡ ውስጥ መግባታቸውን ይጠራጠራል።
መፍትሄ፦ ለእያንዳንዱ ክፍል፣ ለራስዎም ቤት ጭምር፣ ትንሽ ቆጣሪ ያስገጥሙ። በወር አንዴ ተከራዮቹ ባሉበት ይነበብ፤ ደረሰኙንም ያሳዩ።

ችግር፦ አብረው ከተከራዩት ልጆች አንዷ ስትለቅ ሁሉም ይከተላሉ።
ምክንያት፦ ድርሻዋ በቀሩት ላይ ይወድቃል።
መፍትሄ፦ ምትክ እስኪያገኙ የተወሰነ ጊዜ ይስጧቸው፣ የጎደለውንም ለአንድ ወር ይታገሱ። ሁሉንም ክፍል በአንድ ቦታ ሠራተኞች አይሙሉ። በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚያስልከው የንግድ ዕድል፣ ስትወጣ የፓርኩን ሠራተኞች ብቻ የያዘ አከራይ አደጋው ለእሱም ተርፎታል። ተማሪም ብቻ ከሆነ ክረምቱ አለ። አስተማሪ፣ ነርስ፣ ነጋዴ ቢቀላቀሉ ይሻላል።

ችግር፦ የተለቀቀ ክፍል ወር ሙሉ ባዶ ይቆማል።
ምክንያት፦ ጥገናው የሚጀመረው ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው፤ በዚያ ላይ ዋጋ ይጨመራል። እናስላው፦ 4,000 ብር የሚከራይ ክፍል ላይ 300 ብር ቢጨምሩ በዓመት 3,600 ያገኛሉ። አንድ ወር ባዶ ከቆመ ግን 4,000 አጡ፣ የደላላው ሳይቆጠር።
መፍትሄ፦ «ልለቅ ነው» ሲባሉ ያን ሳምንት ክፍሉን አብረው ይዩ፤ የተሰበረውንና የሚያፈሰውን ይመዝግቡ፣ ቀለም ቀቢውን ቀድመው ይቅጠሩ። በሰላም የሚለቅ ተከራይ ጓደኛውን ሊያመጣልዎ ይችላል፣ ይጠይቁት። የውሃና የመብራት ውዝፍ ቁልፍ ከመረከብዎ በፊት ይዘጋ፣ ቁልፉንም ይቀይሩ።

ዋጋ ከመጨመርዎ በፊት ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቀበሌ ይጠይቁ። አዋጁ የውሉን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያውን ከሁለት ወር ያልበለጠ ያደርገዋል፤ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው።