ኢንተርኔት ሲመለስ የሚዘነጉ አደጋዎች፦ በጎንደር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኢንተርኔቱ ተለቀቀ፤ ነፃነታችንም ተመለሰ» ማለት። ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። በ2016 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ላይ እንኳ ከፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ የቆመ ጎንደሬ ያነሳውን ፎቶ በሞባይል ዳታ ለሩቅ ዘመዱ መላክ አልቻለም። ከወራት በኋላ አገልግሎቱ ሲመለስ ደስታው ጥያቄያችንን አስረሳን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃን የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ይደነግጋል። ስለዚህ ለምን ተዘጋ፣ በማን ትዕዛዝ፣ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

«ቪፒኤን ካለኝ ማንም አይዘጋብኝም» ማለት። ቪፒኤን ግንኙነታችንን ሸፍኖ በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ ነው። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ብዙ ሰው በቪፒኤን አልፎ ተጠቅሟል። ያኔ የታገዱት የተመረጡ ገጾች እንጂ ኢንተርኔቱ በሙሉ አልነበረም። ዳታው ራሱ ሲቋረጥ ግን ቪፒኤን ምንም አይፈይድም፤ በመንገዱ ላይ የሚሸፍን ጃንጥላ ነው እንጂ መንገድ አይሠራም። የነፃ ቪፒኤን ባለቤት ማን እንደሆነ አለመጠየቅም ሌላ ጥፋት ነው። ፌስቡክ በፈረንጆቹ 2013 የገዛው ኦናቮ የተባለ ቪፒኤን «መረጃዎን እጠብቃለሁ» እያለ፣ ሰዎች በስልካቸው ምን ምን መተግበሪያ እንደሚጠቀሙ ለፌስቡክ ያቀብል ነበር። አፕል በፈረንጆቹ 2018 ከመተግበሪያ መደብሩ እንዲወጣ አድርጎታል።

«መንግሥት ቢጨክን የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹ ከእኛ ጋር ናቸው» ማለት። እዚህ ላይ መራራ እውነት አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ከቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ቀደም ብሎ በፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር ተሰራጭቶ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ አመልክቷል፤ ኩባንያው መልስ የሰጠው አባት ከሞቱ በኋላ ነው። ልጁ ጉዳዩን ወደ ኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወሰደ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ክሱን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ከእኛ በጥቂት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ የሆነ ነገር ነው። አንድን ሰው ከነአድራሻው የሚወነጅል ጽሑፍ ስታዩ አታጋሩት፤ ቅጂውን አስቀምጡ፣ ሪፖርት አድርጉ፣ ለሰውየውም በፍጥነት ንገሩት። ኩባንያው እስኪነቃ መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

«የምደብቀው የለኝም» ማለት። የስልክህ የአድራሻ መዝገብ የአንተ ብቻ አይደለም፤ የእናትህም፣ የጓደኛህም፣ ምስጢሩን የነገረህም ሰው ነው። መተግበሪያ ፈቃድ ሲጠይቅ ሳያነቡ «እሺ» ማለት ለእነሱም መፍቀድ ነው።

«ቴሌግራም ምስጢር ይጠብቃል» ማለት። አዘዞም ሆነ ፒያሳ የምታገኙት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ያምናል። የተለመደው የቴሌግራም ውይይት በኩባንያው ሰርቨር (ማከማቻ ኮምፒውተር) ላይ ይቀመጣል፤ ኩባንያውም ሊከፍተው የሚችልበት ቁልፍ አለው። የቡድን ውይይትም እንደዚያው ነው። ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያነበው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፤ እሱም የሚሠራው በሁለት ሰዎች መካከል ሲሆን፣ የሰውየውን መገለጫ ገጽ ከፍቶ ከምርጫዎቹ ውስጥ በራስ መጀመር ያስፈልጋል። ዋትስአፕ ግን የመልእክቱን ይዘት ያለ ምንም ተጨማሪ ቅንብር ይቆልፋል፤ ከማን ጋር፣ መቼ እንደተጻጻፋችሁ ግን ባለቤቱ ሜታ ማወቅ ይችላል።