ለዳታ ትንተና ሲስተም የመዳረሻ ፈቃድ እንዴት እንደሚነደፍ

አንድን ገጽ ከዳሽቦርድ (ዳታው በሥዕልና በቁጥር ከሚታይበት ማሳያ) ላይ መደበቅ ብዙ ጊዜ እንደ ጥበቃ ይቆጠራል። ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ ክፍት ከሆነ ግን ተጠቃሚው በሌላ መሣሪያ ገብቶ ሁሉንም ያነበዋል። ስለዚህ ገደቡ ዳታቤዙ ውስጥ ይጣል።

1. ዓምዶቹን ይመድቡ። እያንዳንዱን ክፍት፣ የውስጥ ወይም ጥብቅ ብለው ይለዩ፤ ደረጃው ከአራት ካለፈ የሚከተለው ሰው አይገኝም። ስምና ስልክ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። የዳታ ግላዊነት ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. የ1990ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ይዛ እንደገመተችው፣ የልደት ቀን፣ ፆታና ባለ 5 አኃዝ የፖስታ ኮድ ሲጣመሩ 87 በመቶውን ሕዝብ ለይቶ ለማወቅ ይበቃሉ። ለትንተና ከልደት ቀኑ ዓመቱን ብቻ ይተዉ።

2. ፈቃድ ለሥራ ድርሻ እንጂ ለግለሰብ አይስጡ። «የሽያጭ ተንታኝ» የሚል ሮል ይፍጠሩና ሰዎቹን እዚያ ያስገቡ። ማንበብ ብቻ ይበቃቸዋል።

3. ረድፎቹን ይገድቡ። ማን የትኛውን ቅርንጫፍ እንደሚያይ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ የትኛው ረድፍ እንደሚታይ የሚወስነው ደንብ ከዚያ ያንብብ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ከ9.5 ስሪት ጀምሮ ይህን ይችላል፤ ሁለት ወጥመድ ግን አለበት። የመጀመሪያው፣ ደንቡ በባለቤቱም ላይ እንዲሠራ ካልታዘዘ በቀር የሠንጠረዡን ባለቤት አይመለከተውም፤ ሱፐርዩዘርን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ) ደግሞ ጨርሶ አይነካውም። ሁለተኛው ይብሳል፦ ቪው (እንደ ሠንጠረዥ የሚነበብ፣ የተቀመጠ ጥያቄ) የሚሠራው በባለቤቱ ሥልጣን ስለሆነ አስተዳዳሪው የሠራው ቪው የተከለከለውን ሁሉ ሊያሳይ ይችላል። ከ15ኛው ስሪት ወዲህ ቪውው በጠያቂው ሥልጣን እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል።

4. የጋራውን አካውንት ይፈትሹ። ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። የዳሽቦርድ መሣሪያው በአንድ አካውንት ከተገናኘ ዳታቤዙ ሺህ ሰው ቢጠይቀውም የሚያየው አንድ ሰው ነው፤ የረድፍ ደንቡም ከንቱ ይሆናል። የጠያቂው ማንነት ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ይተላለፍ። ከዳታቤዙ ጋር ያሉት ግንኙነቶች ለብዙ ተጠቃሚ በጋራ የሚያገለግሉ ከሆነ ማንነቱ በዚያው ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ በሚፈጸሙ ጥያቄዎች) ውስጥ ብቻ ይቀመጥ፤ አለዚያ የአንዱ ማንነት ለቀጣዩ ይተርፋል። ካሽም (ለድጋሚ አገልግሎት የተቀመጠ ውጤት) እንዲሁ በተጠቃሚ ካልተለየ የሥራ አስኪያጁን ውጤት ለሠራተኛው ያቀርባል።

5. ድምሮችን ይጠብቁ። አንድ ሰው ብቻ ያለበት ክፍል አማካይ ደመወዝ የዚያ ሰው ደመወዝ ነው። ከ5 ወይም ከ10 ሰው በታች ያለውን ቡድን ይደብቁ። የቀሩት ቡድኖችና ጠቅላላ ድምሩ ከታዩ ግን የተደበቀው በመቀነስ ይገኛል፤ ስለዚህ ሌላ አንድ ቡድንም አብሮ ይደበቅ።

6. ፋይል ማውረድን በተለየ ፈቃድ ያድርጉ፤ ኤክሴል ውስጥ የገባ ዳታ ከደንቡ ወጥቷል። ማን፣ መቼ፣ ስንት ረድፍ እንዳወረደ ሎግ (መዝገብ) ይያዝ።

7. በተራ ተጠቃሚ ይሞክሩ። ለእያንዳንዱ ሮል አንድ የሙከራ ተጠቃሚ ይፍጠሩ፤ ያልተፈቀደለትን ቅርንጫፍ ሲጠይቅ 0 ረድፍ መመለስ አለበት። ይህን ፍተሻ አዲስ ቪው ወይም ሠንጠረዥ በተጨመረ ቁጥር ይድገሙት።