ስክሪኑን በስልክ ካሜራ ማንሳት ይብቃ

"ኮምፒውተሬ ይሄን እያለኝ ነው፣ ምን ላድርግ?" የሚል መልእክት ሲመጣልኝ አብሮት የሚመጣው ብዙ ጊዜ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። የተንጋደደ ነው፣ መብራት አንጸባርቆበታል፣ ጽሑፉም አይነበብም። መርዳት እየፈለግኩ መርዳት ያቅተኛል። የሚያስፈልጋችሁ ነገር ግን እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ።

ዊንዶውስ ላይ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፦ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍት እና ኤስ፣ ሦስቱን አንድ ላይ። ስክሪኑ ደብዘዝ ይላል፣ የምትፈልጉትን ቦታ በማውስ ጎትታችሁ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ቴሌግራምም ይሁን ወርድ ከፍታችሁ ኮንትሮልና ቪን መጫን ነው፣ አለቀ። ፕሪንት ስክሪን የሚባለውን ቁልፍ ከአልት ጋር ከተጫናችሁት እየሠራችሁበት ያለውን መስኮት ብቻ ኮፒ ያደርጋል። ከዊንዶውስ ቁልፍ ጋር ከሆነ ደግሞ መላውን ስክሪን ፒክቸርስ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። በተከታታይ ብዙ ለምታነሱ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው።

ማክ ላይ ኮማንድ፣ ሺፍት እና 3 ሙሉውን ያነሳል፤ በ3 ፋንታ 4 ከሆነ የመረጣችሁትን ቁራጭ ብቻ። 4ን ከተጫናችሁ በኋላ ስፔስን ንኩና አንድ መስኮት ላይ ክሊክ አድርጉ፤ መስኮቱ ብቻውን ጥርት ብሎ ይወጣል።

አስቸጋሪው ነገር ክሊክ ስታደርጉ የሚከፈት፣ ሌላ ነገር ስትነኩ ደግሞ የሚዘጋ ሜኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ያወጣል። ዊንዶውስ ላይ ስኒፒንግ ቱል የሚባለውን ስክሪን ማንሻ ፕሮግራም ክፈቱና 3፣ 5 ወይም 10 ሰከንድ እንዲቆይ አድርጉት፤ እሱ እስኪቆጥር እናንተ ሜኑውን ትከፍታላችሁ። ማክ ላይ በኮማንድ፣ ሺፍት እና 5 የሚመጣው ሳጥን ተመሳሳይ ምርጫ አለው፣ ቪዲዮም ይቀርጻል።

ረጅም ድረ ገጽ ከሆነ ቆራርጣችሁ አትድከሙ። ፋየርፎክስ ላይ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ስክሪንሾት የሚለውን፣ ከዚያ ሙሉ ገጹን አስቀምጥ የሚለውን ብትመርጡ ገጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ምስል ይሰጣችኋል። ቀስትና የተራ ቁጥር እየጨመራችሁ መመሪያ የምታዘጋጁ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ሼርኤክስን፣ ሊኑክስ ላይ ፍሌምሾትን ሞክሩ። ሁለቱም ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው።

ስታስቀምጡ የፋይሉ ዓይነት ፒኤንጂ (PNG) ይሁን። ጄፔግ ለፎቶ ጥሩ ነው፣ የፊደል ጠርዝ ላይ ግን ጭጋግ ያመጣል።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ፦ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ቁጥር ወይም የሰው ስልክ ካለበት አደብዝዛችሁ አትለፉት፤ የደበዘዘ ጽሑፍ አንዳንዴ ተመልሶ ሊነበብ ይችላል። ማድመቂያ ብዕርም አይሁን፣ ብርሃኑን ከፍ ያደረገ ሰው ከሥሩ ያለውን ያያል። ድፍን ጥቁር ሳጥን አድርጉበት። ቆርጦ ማውጣትም ቢሆን በ2023 ጉድ አሳይቶናል፦ በዊንዶውስ 11 ስኒፒንግ ቱል ምስል ተቆርጦ በዋናው ፋይል ላይ ሲቀመጥ የተቆረጠው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ይቀር ነበር። ማይክሮሶፍት አስተካክሎታል፤ ስለዚህ አፕዴት አድርጉ። ከዚያ በፊት ቆርጣችሁ የላካችሁት ምስጢር ያለበት ምስል ካለ ግን የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይሩ።