ከስኳር ሕሙማን ደም ነጭ ሕዋሳትን ለይቶ ማቆየት፦ በሐዋሳ ለሚገኝ አነስተኛ ላቦራቶሪ

የስኳር በሽታ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ቆሽትንና ኢንሱሊንን ነው። ይሁን እንጂ በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ቤታ ሕዋሳት የሚያጠፋቸው የሕመምተኛው የገዛ ራሱ የመከላከያ ሥርዓት፣ በተለይም ቲ ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ሁለተኛው ዓይነትም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ከመጠን በላይ በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለው የብግነት መልእክተኛ በዝቶ እንደሚገኝና የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያውክ እ.ኤ.አ. በ1993 ከታየ ወዲህ፣ የሜታቦሊዝም መዛባትና የመከላከያ ሥርዓት መዛባት አብረው የሚጠኑ ጉዳዮች ሆነዋል። ለጥናት ተብሎ ከሕያው ሰው ቆሽት በቀላሉ አይቆረጥምና፣ በአነስተኛ ላቦራቶሪ የሚሠራ ተመራማሪ እጅ የሚገባው ከክንድ የተቀዳ ደም ነው። ይህ ጽሑፍ ከ20 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ሊምፎሳይትንና ሞኖሳይት የተባለውን ሌላ ነጭ የደም ሕዋስ እንዴት ለይቶ፣ ቆጥሮና አቀዝቅዞ ማቆየት እንደሚቻል ያስረዳል።

ውድ መሣሪያ ስለሌለን ሥራው አይሠራም የሚሉ ወጣት ባልደረቦች ያጋጥሙኛል። በእኔ ልምድ ግን ናሙና በመሣሪያ እጦት ሲበላሽ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚበላሸው ከክንዱ እስከ ማቀዝቀዣው ባለው መንገድ ላይ ነው።

ከመርፌው በፊት

የተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝ አንድም ጠብታ አይቀዳም። የስምምነት ቅጹም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሲዳሙ አፎም መዘጋጀት አለበት፤ ከከተማዋ ዙሪያ ከሚመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ ነገሩን በልባቸው የሚመዝኑት በዚያ ቋንቋ ነውና። ማስረዳት ማለት ቅጹን ማንበብ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ቲዩቦቹ ተደርድረው ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ደም ምን ልታደርጉበት ነው?» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ነርሷም፣ «እማማ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ ሰውነትዎን የሚጠብቁትን ሕዋሳት ስኳሩ ምን እንዳደረጋቸው ልናይበት ነው፤ ካልፈለጉ ግን ሕክምናዎ አይጓደልም» አለቻቸው። ከቅጹ አራት ገጽ ይልቅ ይህ መልስ ይሻላል።

ማነጻጸሪያ የሚሆኑት ጤነኞች ከዚያው ከሐዋሳና ከአካባቢዋ መመረጥ ይኖርባቸዋል። ሲዲ4 የተባለው የቲ ሊምፎሳይት ዓይነት በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ያለው ቁጥር ከአውሮፓውያን ዝቅ ያለ መሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተደጋጋሚ የተመዘገበ ጉዳይ ነው፤ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሕዋስም ቁጥሩ እንዲሁ ያለ ምንም ሕመም ዝቅ ብሎ የሚገኝባቸው ሰዎች በመካከላችን ብዙ ናቸው። ስለዚህ የሐዋሳን ሕመምተኛ ከውጭ መጽሐፍ ላይ ከተወሰደ መደበኛ ቁጥር ጋር የሚያስተያይ ሰው፣ የሚያገኘው ልዩነት የስኳር በሽታው ይሁን የትውልድና የአካባቢው መለየት አይችልም። ከተማዋ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመሆኑ፣ ከሕመምተኛውም ከጤነኛውም የወባ ምርመራና የሰገራ ምርመራ አስቀድሞ መደረግ አለበት። ወባ ሊምፎሳይቶችን ከደም ሥር ያሸሻል፤ የአንጀት ትላትልም ኢዮሲኖፊል የተባለውን ነጭ ሕዋስ ከማብዛታቸው በላይ የመከላከያ ሥርዓቱን ምላሽ ወደ ሌላ ፈርጅ ያዘነብሉታል።

ሕመምተኛው የሚወስደው መድኃኒትና የመጨረሻው ኪኒን የተዋጠበት ሰዓት መመዝገብ አለበት፤ በተለይ ሜትፎርሚን በቀጥታ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ላይ ስለሚሠራ፣ ሳይመዘገብ ከቀረ ትልቅ መደናገር ይፈጥራል። ሌላው ወጥመድ የቃል ነው። «ጾመኛ ነኝ» ማለት «ባዶ ሆዴን ነኝ» ማለት አይደለም፤ በዐቢይ ጾም ሽሮ በልቶ፣ ቡና በስኳር ጠጥቶ የመጣ ሰው ያለ አንዳች ውሸት ጾመኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሱም?» ተብሎ ይቅረብ፤ መልሱም ቢያንስ 8 ሰዓት መሙላት አለበት።

ደሙን መቅዳትና ማጓጓዝ

ለሕዋሳቱ የሚሆነው ደም ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት፣ አረንጓዴ ክዳን ባለው ቲዩብ ይቀዳል። ለስኳር ልኬት ግራጫ ክዳን ያለው ለብቻው ይወሰዳል፤ ፕላዝማውም ሳይውል ሳያድር መለየት ይኖርበታል። ተቀድቶ በተቀመጠ ደም ውስጥ ሕዋሳቱ ስኳሩን መብላታቸውን ስለማያቆሙ፣ መከላከያ በሌለው ቲዩብ ውስጥ ልኬቱ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል፤ የግራጫው ቲዩብ ፍሎራይድም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገታውም። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ ለሚያሳየው ኤችቢኤ1ሲ ደግሞ ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቲዩብ በቂ ነው።

የሄፓሪኑ ደም በረዶ ላይ አይቀመጥም። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከከተማው ጫፍ ናሙና እንዲያመጣልን የላክነው ልጅ ደግ አስቦ፣ ቲዩቦቹን በረዶ ውስጥ ቀብሮ በባጃጅ ይዞልን መጣ፤ በዚያን ቀን የለየናቸው ሕዋሳት በቀይ የደም ሕዋስና በግራኑሎሳይት (እንደ ኒውትሮፊልና ኢዮሲኖፊል ባሉት ነጭ ሕዋሳት) የተበከሉ ነበሩ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ መመሪያውን በጽሑፍ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። የሐዋሳ ቀትር ሞቃት ስለሆነ፣ ቲዩቦቹ በፎም ሳጥን ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ ገደማ ካሉ የጄል ከረጢቶች ጋር ቆመው ይጓዙ፤ በ8 ሰዓት ውስጥም ሥራው ይጀመር። ደሙ አንድ ቀን ካደረ ግራኑሎሳይቶቹ ስለሚቀሉ በኋላ በምንሰበስበው የነጭ ሕዋሳት ቀለበት ውስጥ ይገባሉ።

መለየት

ዘዴው የተመሠረተው በእፍጋት ልዩነት ላይ ነው። ፊኮል የተባለው ፈሳሽ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም ነው፤ ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት ከዚህ ስለሚቀሉ ላዩ ላይ ይቀራሉ፣ ቀይ ሕዋሳትና ግራኑሎሳይቶች ስለሚከብዱ ይሰምጣሉ። ፊኮሉ ከፍሪጅ እንደወጣ ከተሠራበት እፍጋቱ ከፍ ስለሚል የማይፈለጉት ሕዋሳት ሳይሰምጡ ይቀራሉ፤ በሞቃት ክፍል ከዋለ ደግሞ እፍጋቱ ስለሚቀንስ የሚፈለጉት ራሳቸው ይሰምጣሉ። ስለዚህ ከሥራው በፊት ቴርሞሜትር ይታይ።

20 ሚሊ ሊትሩ ደም ፒቢኤስ በተባለው፣ ሕዋስ በማይጎዳ የጨው ውኃ በእኩል መጠን ይቀጠናል። ሁለት ባለ 50 ሚሊ ሊትር ቲዩቦች ውስጥ 10፣ 10 ሚሊ ሊትር ፊኮል ይጨመርና የቀጠነው ደም 20፣ 20 ሚሊ ሊትር ሆኖ በላዩ ይንሳፈፋል። ቲዩቡን ያዘንብሉ፤ የፒፔቱን ጫፍ ከግድግዳው አስጠግተው ደሙ እንደ ማር እየተንሸራተተ እንዲወርድ ያድርጉ። በደሙና በፊኮሉ መካከል ያለው መስመር እንደ ቢላዋ ስለት ጥርት ብሎ መታየት አለበት፤ ከደበዘዘ ተቀላቅሏል።

ቀጥሎ በ400 ጂ፣ ማለትም የመሬት ስበትን 400 እጥፍ በሚያክል ኃይል፣ ለ30 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። በብዙ ማሽኖቻችን ላይ የሚነበበው ግን ጂ ሳይሆን በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሮተሩ ራዲየስ በሴንቲሜትር፣ በዙሩ ካሬ፣ ከዚያም በ0.00001118 ሲባዛ ጂውን ይሰጣል። ራዲየሱ 17 ሴንቲሜትር ለሆነ ሮተር 400 ጂ ማለት 1,450 ዙር ገደማ ሲሆን፣ 10 ሴንቲሜትር ለሆነው ደግሞ 1,890 ገደማ ነው። ከሌላ ላቦራቶሪ የተቀዳ የዙር ቁጥር እንዳለ መገልበጥ የማይገባው ለዚህ ነው። የማሽኑ ፍሬን መጥፋቱንም ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ፍሬኑ ከያዘ የተደረደረው ሁሉ ይናጣል፣ የ30 ደቂቃውም ልፋት ገደል ይገባል።

ሲወጣ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ፣ ከሥሩ እንደ ስስ ወተት የነጣች ቀለበት፣ ቀጥሎ ፊኮሉ፣ ከታች ቀዩ ደለል ይታያል። የሚፈለገው ቀለበቱ ብቻ ነው። ፒፔቱን እያዞሩ ይሰብስቡት፤ ከሥሩ ካለው ፊኮል ብዙ አይሳቡ። ከዚያ በፒቢኤስ ሞልተው በ300 ጂ ለ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎም ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች እንዲወገዱ በ200 ጂ ለ10 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ያጥቡት። የማንም ደም ኤችአይቪ ወይም የጉበት ቫይረስ እንዳለበት ታስቦ ይያዝ። መርፌ ተመልሶ አይከደንም፤ የተረፈው ደም ከ5 በመቶ በረኪና ላይ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ በተበረዘው ውስጥ ይነከራል። በረኪና የነካ ነገር ግን በእንፋሎት ማምከኛው፣ በአውቶክሌቭ ውስጥ አይገባም።

ለቆጠራ አንድ እጅ ሕዋስ ትሪፓን ብሉ ከተባለው ቀለም አንድ እጅ ጋር ይቀላቀልና ሄሞሳይቶሜትር በተባለው ባለ ካሬ መቁጠሪያ መስተዋት ይታያል፤ የሞቱት ይሰምጥባቸዋል ሰማያዊው፣ ሕያዋኑ ያበራሉ። በአራቱ የማዕዘን ካሬዎች 212 ሕያውና 9 ሙት ቢገኙ፣ አማካዩ 53 ሕያው ነው፤ ለቀለሙ ቅጥነት በ2፣ ለካሬው መጠን ደግሞ በ10,000 ሲባዛ በሚሊ ሊትር 1,060,000 ሕዋስ ይሆናል። የታጠቡት ሕዋሳት በ20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ካሉ በጠቅላላው 21 ሚሊዮን ገደማ ደረሰን ማለት ነው፤ ከጤነኛ አዋቂ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ስለሚጠበቅ መልካም ምርት ነው። የሕያዋኑ ድርሻም 96 በመቶ ይጠጋል።

ሕዋሱን የምናበላው ስኳር

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ የስኳር በሽታ ጥናት ሳይታወቅ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ለነጭ ሕዋሳት ማሳደጊያነት በየቦታው የሚገዛው አርፒኤምአይ 1640 በሊትር 2 ግራም ግሉኮስ አለው። ይህን ወደ ሐኪም ቤት ቋንቋ ስንመልሰው 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይሆናል፤ ማለትም የጥማትና የሽንት መብዛት ምልክት ያለውን ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት ቢለካ፣ ስኳር ታማሚ ለማለት የሚያበቃው ልክ ነው። «መደበኛ» በተባለው ፈሳሽ ውስጥ ያደረ የጤነኛ ሰው ሕዋስ፣ ሌሊቱን በስኳር ሕመምተኛ ደም ውስጥ እንዳደረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በጤነኛውና በታማሚው መካከል ልዩነት ቢጠፋ የሚያስገርም አይሆንም።

ስለዚህ ግሉኮስ የሌለበት አርፒኤምአይ ተገዝቶ፣ ለአንዱ ረድፍ በሊትር 1 ግራም፣ ለሌላው 4.5 ግራም ግሉኮስ በእጅ ይጨመር። ሦስተኛም ረድፍ ያስፈልጋል፤ 1 ግራም ግሉኮስ ላይ 3.5 ግራም ማኒቶል የተጨመረበት። ማኒቶል ሕዋሱ የማይበላው ስኳር መሰል ነገር ስለሆነ፣ የታየው ለውጥ ከግሉኮሱ የመጣ ይሁን ፈሳሹ ከመወፈሩ ብቻ ይለይልናል። የሚጨመረው የጥጃ ሴረምም የራሱ ግሉኮስ እንዳለው አይዘንጋ። በሦስቱም ረድፎች ሞኖሳይቶቹን በባክቴሪያ ቅርፊት በሚገኘው ኤልፒኤስ ቀስቅሶ፣ የፈሰሰውን ቲኤንኤፍ አልፋ ኤላይዛ በተባለው የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ መለካት ለአነስተኛ ላቦራቶሪ የሚቻል ሥራ ነው።

የሐዋሳ ከፍታም የራሱን ጣጣ ያመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። አውቶክሌቩ 121 ዲግሪ የሚደርሰው በባሕር ዳርቻ በሚበቃው 15 ፒኤስአይ ሳይሆን ወደ 18 ሲጠጋ ነው፤ ስለዚህ ከግፊት መለኪያው ይልቅ ቴርሞሜትሩ ይታመን። ሕዋሳቱ በሚያድሩበት ኢንኩቤተር ላይ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተብሎ የተሞላውም፣ የቆላ 5 በመቶ የሚሰጠውን ያህል ግፊት አይሰጥም፤ የማሳደጊያው ፈሳሽ ቀለም ወደ ሐምራዊ ካደላ ወደ 6 በመቶ ከፍ ማድረግ ነው።

ማቀዝቀዝ

ማቀዝቀዣው ፈሳሽ 90 በመቶ ሴረምና ሕዋሱን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቀው ዲኤምኤስኦ 10 በመቶ ነው። ዲኤምኤስኦ በክፍል ሙቀት ሕዋሱን ስለሚጎዳ፣ ፈሳሹ አስቀድሞ ይቀዝቅዝ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሕዋስ ተደርጎ በፍጥነት ይታሸግ። ቅዝቃዜው በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል እየወረደ መሄድ አለበት፤ ለዚህ የተሠራው ባለ አይሶፕሮፓኖል ዕቃ ከሌለ ወፍራም የፎም ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ባለው ፍሪዘር ማሳደር ይቻላል። በነጋታው ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይዛወራል። ናይትሮጅኑ በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው ለከብት ማዳቀያ ነው፤ ታንኩን እንዴት መያዝና መሙላት እንደሚቻል የአዳቃይ ባለሙያዎችን መጠየቅ አያሳፍርም፣ እኔም ከእነርሱ ነው የተማርኩት።

መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር ከፍቶ «እስቲ ልየው» ማለት ከመጥፋቱ የበለጠ ይጎዳል። በሩ ላይ የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት የሚጻፍበት ወረቀት ይለጠፍ። የቲዩቡም ጽሕፈት አልኮል በማይፍቀው ቀለም ይሁን፤ የሕመምተኛው ስም ሳይሆን የምስጢር ቁጥሩ፣ ቀኑና የሕዋሱ ብዛት ብቻ ይጻፍበት።

ሲፈለግ ቲዩቡ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ተይዞ፣ የምስር ፍሬ የምታክል በረዶ ስትቀር ይወጣል። ሞቅ ያለ ፈሳሽ በጠብታ በጠብታ ይጨመርበታል፤ በአንዴ ከተደፋበት ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ታጥበው ሌሊቱን ካረፉ በኋላ እንደገና ይቆጠራሉ፤ ከ70 በመቶ በታች ሕያው ከተገኘ በዚያ ናሙና ሙከራ አይሠራም፣ ምክንያቱ ግን ከየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ሳጥንና ከማን እጅ እንደመጣ ተፈልጎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።