የታይሮይድ ምርመራ ውጤት ሲያነቡ ከየት ይጀምሩ?

የውጤት ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት መስመር ይገኛል፦ ቲኤስኤች፣ ቲ4 እና ቲ3። ቲ4 እና ቲ3 የታይሮይድ ሆርሞኖች ናቸው። መጀመሪያ ቲኤስኤችን ይዩ። ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከታይሮይድ ሳይሆን አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ነው። ሥራው አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ «ሥራ» ብሎ ማዘዝ ነው። በደም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ፒቱታሪ ትዕዛዙን ታበዛለች፣ ሲበዛ ትቀንሳለች። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነበበው በተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ለአዋቂ የተለመደው ቲኤስኤች ከ0.4 እስከ 4.0 አካባቢ ቢሆንም ውጤትዎን የሚያመዛዝኑት ከቁጥሩ ጎን ላብራቶሪው ካሰፈረው ወሰን ጋር ነው። ለነፍሰ ጡር ወሰኑ ይለያል። ቲኤስኤች ከፍ፣ ቲ4 ዝቅ ካለ ሆርሞን አንሷል ማለት ነው። ቲኤስኤች ዝቅ ብሎ ቲ4 ወይም ቲ3 ከፍ ካለ ደግሞ በዝቷል። ቲ4 ደህና ሆኖ ቲኤስኤች ከ4 እስከ 10 ባለው መካከል ከሆነ፣ እርግዝና ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ መድገም ይቀድማል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ችግሩ ከፒቱታሪ ወይም ከሌላ ከባድ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በግምት አይታለፍ፤ ሐኪም ይየው።

የቲ4 ልኬት ሁለት ዓይነት ነው፦ ቶታል (በደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ) እና ፍሪ (ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀው)። እርግዝናና ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ቶታሉን ከፍ ያደርጉታል፤ ዕጢው ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ፍሪ ቲ4 ይታዘዝልዎ። መለኪያውንም ያስተውሉ፦ አንዱ ላብራቶሪ 1.1 ናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው 14 ፒኮሞል በሊትር ቢጽፍ ያው አንድ መጠን ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ለምሳሌ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ደም የሚሰጡ ከሆነ ናሙናው እዚያው ይሠራ ወይም ወደ መሃል ከተማ ይላክ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ክትትሉንም በአንድ ላብራቶሪ ያድርጉ። መጾም አያስፈልግም። ቲኤስኤች ሌሊት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስለሚል ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይስጡ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲን በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ሆርሞን የበዛ ያስመስላል፤ ቢያንስ 2 ቀን ቀድመው ያቁሙት። ሌቮታይሮክሲን (ያነሰውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ እንክብል) የሚወስዱ ከሆነ የዕለቱን ደም ከሰጡ በኋላ ይዋጡ።

ሌቮታይሮክሲን ለሚወስድ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚያሰኘው በአብዛኛው አወሳሰዱ ነው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። አቦል ፈልቶ «አንድ ሲኒ ብቻ» ቢባልም መጠበቅ ነው፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋል። የብረትና የካልሲየም እንክብልን ከዚህ መድኃኒት ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ሰጥተው ይውሰዱ። በጾም ጠዋት ውሃም የማይቀምሱ ከሆነ ከሐኪም ጋር ተመካክረው ከራት ቢያንስ 3 ሰዓት በኋላ ማታ መውሰድ ይቻላል፤ ዋናው አንዱን ይዞ አለመቀያየር ነው። ማሸጊያው ላይ 0.1 ሚሊግራም የሚል ካዩ ያው 100 ማይክሮግራም ነው፤ በስህተት እጥፍ እንዳይወስዱ።

መጠኑ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ አይመርመሩ፤ ቲ4 በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ቲኤስኤችም ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። እንክብሉን ለሳምንታት ሲዘሉ ቆይተው ለምርመራው ብለው ጥቂት ቀን ቢውጡ ቲ4 ደህና፣ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ይህ ሐኪሙን ያሳስታል። ካረገዙ እንክብሉን ሳያቋርጡ ቶሎ ይመርመሩ፤ ብዙ ጊዜ መጠኑ ይጨመራል።

ሆርሞን በዝቶባቸው ፒቲዩ ወይም ሜቲማዞል የተባለ ሆርሞን የሚቀንስ መድኃኒት ለጀመሩ ሰዎች ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል መጀመሪያ ላይ የሚታየው ቲ4 እና ቲ3 ነው። እነዚህን መድኃኒቶች እየወሰዱ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ግን መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ቀን የነጭ ደም ሴል ቆጠራ ያሠሩ።