ለደረቅና ለሚቆጣ ቆዳ ቅባት ስትመርጡ

ደብረ ማርቆስ ላይ በበጋ ብርዱና ደረቁ ንፋስ ሲበረታ የእጄ ጀርባ እንደ ዋልካ መሬት ይሰነጣጠቅ ነበር። ለዓመታት የምገዛው ሽታው የሚማርከኝን ሎሽን ነው፤ ሲያሳክከኝና ሲያቃጥለኝ የኖረውም እሱ ነበር። የተሰነጠቀ ቆዳ መከላከያው ስለሚሳሳ ሽቶው በቀላሉ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ክዳኑን ከፍታችሁ ከማሽተት ይልቅ ጀርባውን አንብቡ፤ ሽቶ ያለበትን መልሱት።

በጣም ለደረቀ ቆዳ ቀጭን ሎሽን አይበቃም፤ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይተናል። ወፈር ያለ ክሬም፣ ካልተገኘም ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ይሻላል። እባካችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ አትናቁት! ግሊሰሪን የምትወዱ ደግሞ በውሃ ሳታቀጥኑ አትቀቡት።

ከቅባቱ እኩል የሚቀቡበት ሰዓት ለውጥ ያመጣል። ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ በፎጣ አትፈትጉ፣ መታ መታ እያደረጋችሁ አድርቁ። ከዚያም ገላችሁ ገና እርጥብ ሳለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ተቀቡ፤ ቅባቱ ውሃውን ከቆዳው ጋር ይዞ ያስቀረዋል። እኔ ቫዝሊኑን ከሳፋው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ማታ ተረከዜን ወፈር አድርጌ ቀብቼ የጥጥ ካልሲ አጠልቅበታለሁ፤ ተረከዜ የጋቢዬን ክር እየያዘ መምዘዙን የተወው ከዚያ ወዲህ ነው።

አዲስ ቅባት ፊታችሁን ከመንካቱ በፊት በክንዳችሁ ውስጠኛ በኩል ለጥቂት ቀናት ሞክሩት። ስንጥቁ ከደማ ወይም ውሃ ከቋጠረ ግን ቅባት በመቀያየር ጊዜ አታጥፉ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።