ሥሩን ከመገመታችሁ በፊት ጉቶውን እዩ

በወሎ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የተደረጉ ተራሮችን የምትለኩ ወጣት ባለሙያዎች፣ ሪፖርታችሁን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ጽዱም፣ ክትክታውም፣ በየጊዜው የሚቆረጠው ባህር ዛፍም የሥሮቻቸው ክብደት በአንድ ማባዣ፣ ማለትም ከመሬት በላይ ያለውን ክብደት ወደ ሥር ክብደት በሚቀይር አንድ ቁጥር፣ ተሰልቶ ይቀርባል። አፈሩን ይዞ ያቆመው ሥር ነውና በአግባቡ ሊቆጠር ይገባዋል። እኔ የምሠራበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

የሥር ግምት የሚነሣው ከመሬት በላይ ካለው ክብደት ነው። ለዛፍ 20 በ20 ሜትር፣ በውስጡም ለቁጥቋጦ 5 በ5 ሜትር የሆነ የናሙና ቦታ ከልሉ። መሬታችን ሜዳ አይደለምና ሜትሩን በተዳፋቱ ላይ ስትዘረጉ ጨምሩበት፤ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ 20 ሜትር አግድም ርቀት ለማግኘት 23.1 ሜትር መዘርጋት ያስፈልጋል። ግንዱን ከተዳፋቱ በላይኛው ወገን ቆማችሁ በ1.3 ሜትር ከፍታ ለኩት። የለካችሁት ዙሪያውን ከሆነ ለ3.14 ስታካፍሉ ዲያሜትሩን ታገኛላችሁ።

ለዛፎች ተመራማሪው ሻቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሞቃታማው የዓለም ክፍል ያወጡትን ቀመር እጠቀማለሁ። የእንጨቱን እፍጋት (ግራም በኩቢክ ሴንቲ ሜትር)፣ የዲያሜትሩን ካሬ (በሴንቲ ሜትር) እና ቁመቱን (በሜትር) አባዙ፤ ውጤቱን ወደ 0.976 አርቢ ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ በ0.0673 አባዙ። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የጎፍ ደን ውስጥ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሜትር፣ እፍጋቱ 0.54 የሆነ ጽድ አገኛችሁ እንበል። ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደቱ 121 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ለሞቃታማ ተራራማ ደን የሰጠው ማባዣ 0.27 ነው። የዚህ ጽድ ሥር እንግዲህ 33 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ካርቦኑን ለማወቅ በ0.47 አባዙ። ይህ ስሌት ተቆርጦ ለማያውቅ ዛፍ ይስማማል።

ያው መመሪያ ለቁጥቋጦ መሬት 0.40 ይሰጣል። ለደረቅ ደን ደግሞ ከመሬት በላይ ያለው ክብደት በሄክታር ከ20 ቶን ሲበልጥ 0.28፣ ከዚያ ሲያንስ 0.56 ነው። ልብ በሉ፤ ደኑ ሲሳሳ የሥሩ ድርሻ በእጥፍ ያድጋል። ከባቲ በታች ያለውን የግራር መሬት በጽድ ማባዣ የሚያሰላ ሰው የሥሩን ግማሽ ያህል ሳይቆጥር ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ግን ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቆጠው ነው። ቃሉ ወረዳ ውስጥ ቁመቱ ከወገቤ የማያልፍ ግራር እየለካሁ አንድ አዛውንት መጡ። «አባባ፣ ይህ ከበቀለ ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቅጠሉ ያምና ነው፤ እሱ ግን ከእኔ ይበልጣል። አባቴም ለአጥር ይቆርጡት ነበር» አሉኝ። አፈሩን ገለጥ ሳደርግ ጉቶው ከጭኔ ይወፍራል። ላዩን አይቶ በ0.56 ማባዛት ለእንዲህ ያለው ግራር እንኳ አይበቃም። ስለዚህ በመዝገባችሁ ላይ ተቆርጦ እንደሆነ የሚገልጽ ዓምድ ጨምሩ፣ ባለቤቱን ጠይቁ፣ የጉቶውንም ዲያሜትር ለኩ። የጦሳ ተራራ ሥር ገበሬ ባህር ዛፉን ነቅሎ መሬቱን ለእህል ሊያውል ሲዘጋጅ ከሰማችሁ ሚዛናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ለእናንተ ተብሎ ሳይቆፈር፣ የጉቶ ዲያሜትርና የሥር ክብደት አብሮ የሚመዘንበት ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም።

ለቁጥቋጦ ግን ራሳችሁ መቆፈር አለባችሁ። አስቀድማችሁ የቀበሌውን ፈቃድ ያዙ፤ የተከለለ ቦታ መተዳደሪያ ደንብ አለው። አፈሩ ገና እርጥበት ያለው፣ ዝናቡ ግን ያቆመ ሲሆን ጥሩ ነው። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የሆኑ ክትክታዎችን ምረጡ፤ የአናታቸውን ስፋት በሁለት አቅጣጫ፣ ግንዳቸውንም ከመሬት አጠገብ ለኩ፤ ከዚያ ቆርጣችሁ መዝኑ። ቁፋሮውን ከታችኛው ወገን ጀምሩ፤ አፈሩ ወደ ኋላችሁ ይወርዳል። ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሥሮች በዶማ አትከተሉ፤ በእጅና በትንሽ መፈልፈያ ነው የሚገለጡት። ወደ ታች የሚወርደው ዋናው ሥር ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንደ ቀበቶ ጠፍጥፎ ታገኙታላችሁ። እዚያ ከተበጠሰ የተበጠሰበትን ውፍረት ጻፉ፤ ሙሉ በሙሉ ከወጡት ሥሮች ውፍረትና ክብደት ጋር አነጻጽራችሁ የቀረውን ትገምታላችሁ። የሞተውን ሥር ለዩ፤ ልጡ በጥፍር ሲነካ የሚላቀቅ፣ ውስጡም የጠቆረ ነው።

ሥሩን በወንፊት ላይ እጠቡና ውሃው ሲንጠፈጠፍ ወዲያው መዝኑ። ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነውን መተው ይቻላል፤ ከአፈሩ ብስባሽ መለየት ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ ከአፈር ካርቦን ጋር ይታያል። ከወፍራሙም ከቀጭኑም ቀላቅላችሁ 250 ግራም ናሙና ውሰዱና ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በማድረቂያ ምድጃ አድርቁት። ፀሐይ ላይ የደረቀ ሥር ውስጡ እርጥበት ስለሚቀር አይበቃም። ናሙናው 130 ግራም ከሆነ ድርሻው 0.52 ነው፤ እርጥቡ 3.2 ኪሎ ግራም የነበረ ሥር ደረቅ ክብደቱ 1.66 ይሆናል። ይህን ለላይኛው ደረቅ ክብደት ስታካፍሉ የራሳችሁን ተራራ ማባዣ አገኛችሁ።

ጉድጓዱን በዚያው ቀን ደፍናችሁ ድንጋይ ደርድሩበት፤ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ እንዳይከፍተው። የቁጥቋጦውን ድምር በ400፣ የዛፉን በ25 ስታባዙ የሄክታሩ ይወጣል። ያቆጠቆጠውንና ያልተቆረጠውን በየራሱ መስመር አስፍሩ፤ የተጠቀማችሁበትንም ማባዣ ከጎኑ ጻፉ።